ከወንጌሉ በላይ የተሰቀለው ሣጥን

ዘሊካ ቃሲም ዕድሜዋን ሙሉ ጢንዚዛ ስትሰበስብ ኖረች ቢባል ባሕር ዳር ውስጥ የሚገረም ሰው የለም፤ የሚገባውም ሰው የለም። አባቷ ጀልባ ሠሪ ነበሩ። ሐይቁ ዳር ተወልዳ፣ ሐይቁ ዳር አድጋ፣ ዓሣውንና ጀልባውን ትታ ጢንዚዛ መምረጧ ለዘመዶቿ እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም። የሰው ልጅ ተምሮ ሐኪም ይሆናል፣ መሐንዲስ ይሆናል። እሷ ግን እዚህ ተምራ፣ ባሕር ተሻግራ ደግሞ ተምራ፣ ተመልሳ መጥታ እበት እየገለበጠች ጢንዚዛ ትለቅማለች። ወንድሟ ሂሻም ጀልባ ነጂ ነው። «እኅትህ ምን ትሠራለች?» ሲሉት «መንግሥት መሥሪያ ቤት ናት» ብሎ ይገላገላል።

የምትሠራበት ሙዚየም ትንሽ ነው። ለጎብኚ የሚታየው ፊት ለፊት ያለው ክፍል፣ የታንኳው፣ የሸክላውና የጥልፉ ነው። የእሷ ክፍል ከኋላ፣ ከመጸዳጃው አጠገብ ነው፤ መስኮቱ አይከፈትም፣ ግድግዳው ከታች እስከ ላይ መሳቢያ ነው። በየመሳቢያው ጢንዚዛ በስፒል ተወግቶ ተደርድሯል። ከየአንዳንዱ ሥር መቼና የት እንደተያዘ የሚናገር፣ ፊደሉ የጤፍ ፍሬ የሚያክል ቁራጭ ወረቀት አለ። አዲስ የተሾመ ኃላፊ ሁሉ መጀመሪያ ሲመጣ መሳቢያ ይከፍታል፣ «ይገርማል» ይላል፣ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ተመልሶ አይመጣም። ዘሊካም አትቀየምም። ያለ ሰው መሥራት ይስማማታል።

ሌላ ጠባይም አላት። ሰው ሲጠይቃት የተጠየቀችውን ነው የምትመልሰው። ጎረቤቷ «ልጄ አላማረችም?» ብላ ብትጠይቃት፣ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ ተመልክታ ነው መልስ የምትሰጠው። ሰው አንድ ነገር ብሎ ሌላ ነገር ማለቱ ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች፤ ማወቁን ታውቃለች፣ ግን ሲሆን አይታያትም። ጢንዚዛ ለመለየት እንዲህ ያለ ሰው ይሻላል። ከሰው ጋር ለመኖር ግን ያስቸግራል፣ አስቸገራትም።

ከመሳቢያዎቿ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ የመጡት ጣና ላይ ካለች ከአንዲት የገዳም ደሴት ነው። የደሴቲቱን ስም ልተወው፤ ሰዎቹ አሁንም አሉ፣ የሰው መነጋገሪያ ላደርጋቸው አልፈልግም። ከሐይቁ ዳር ያለው አገር ዛፉን ቆርጦ ጨርሶ በቆሎና ጫት ሲዘራበት፣ የገዳሙን ደን ግን መጥረቢያ አልነካውም። ሾላው፣ ዋንዛው፣ ወይራው እንዳለ አለ። የወደቀ ግንድ እንኳ ማንም አያነሣውም፣ እዚያው ይበሰብሳል። ለዘሊካ ከዚህ የበለጠ ሀብት የለም። ሌላ ቦታ የጠፋ ጢንዚዛ ሁሉ እዚያ አለ፤ ሥራዋም፣ ስሟም፣ ጡረታ ሳትወጣ ልትጨርሰው የምትመኘው ጥናትም በዚያ ደን ላይ የቆመ ነው።

ደኑን የከፈቱላት የገዳሙ ገበዝ አባ ፍሬ ስብሐት ናቸው። መጀመሪያ የሄደች ጊዜ መነኮሳቱ ግራ ገብቷቸው ነበር፤ ሙስሊም ሴት፣ ብቻዋን፣ ደግሞ ለትልና ለጢንዚዛ። ገበዙ ግን «ፍጥረትን ማየት ምን ክፋት አለው?» አሉ። ወደ እሷም ዞረው «ከቅጥሩ ውጭ የፈለግሽውን ልቀሚ፤ ከቅጥሩ ውስጥ ግን ነፍስ አይጠፋም» አሏት። ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ዓመታት አለፉ። አባ ከመብራት ሥር የወደቀ ጢንዚዛ ሲያገኙ በክብሪት ቀፎ አድርገው ያስቀምጡላታል፤ ስትመጣ እየከፈቱ «ይቺስ ማን ትባላለች?» ይሏታል። ከሁሉ የሚወዱት የእበት ጢንዚዛን ነው። እበቷን አድበልብላ፣ ወደ ኋላዋ እየገፋች፣ አቀበት ላይ ከእጇ አምልጧት ተንከባልሎ ሲወርድባት እንደገና ስትጀምር አይተው «ይቺ መነኩሴ ናት» ብለው እስኪያስላቸው ይስቃሉ።

አባ ፍሬ ስብሐት ከአንበሳሜ በኩል በልጅነታቸው የመጡ ሰው ናቸው። ለምነው ተማሩ፣ ውኃ ቀዱ፣ እንጨት ፈለጡ፣ መነኮሱ። በኋላ ማኅበሩ ገበዝ አድርጎ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጣቸው። ዕቃ ቤት ማለት የገዳሙ ሀብት ያለበት ነው፤ የብራና መጻሕፍቱ፣ አክሊሉ፣ መስቀሉ፣ አልባሳቱ። ልጅ የላቸው፣ ዘመድ የላቸው፣ ያላቸው ያ ቁልፍ ነው። በአንገታቸው አንጠልጥለውት ይውላሉ፣ ያድራሉ። ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍተው መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ካልተሳለሙ ቀኑ የነጋ አይመስላቸውም። እንዲያ ነው የሚኖሩት።

የዛሬ ሁለት ዓመት ዘሊካ ለዚህ ሁሉ ውለታ አንድ ነገር ማድረግ ፈለገች። ከደሴቲቱ ደን የለቀመቻቸውን ጢንዚዛዎች የሚያማምሩትን መርጣ ባለመስታወት የእንጨት ሣጥን ውስጥ ደረደረቻቸው። አረንጓዴ የሚያብለጨልጩ አሉ፣ ቀንዳሞች አሉ፣ መሐል ላይ ደግሞ አባ የሚወዷትን የእበት ጢንዚዛ አደረገች። በጎብኚዎች ክፍል እንዲሰቀል ነበር ሐሳቧ። ለንግሥ ይዤ እመጣለሁ አለች፤ አባም ለማኅበሩ «ለጎብኚ ክፍል ስጦታ ይመጣል» ብለው ተናገሩ።

በሙያዋ ደግሞ የማይጣስ ሕግ አለ። ከሙዚየሙ የሚወጣም የሚገባም ነገር ሁሉ አስቀድሞ ፍሪዘር ውስጥ መሰንበት አለበት። ጢንዚዛ የሚበላ ጢንዚዛ አለና። ግማሽ ምስር የማትሞላ፣ ክብ፣ ዝንጉርጉር፣ ያያት ሰው የሚያዝንላት ፍጥረት ናት። ልጇ ግን ጠጉራም ትል ነው፤ የሞተ ነፍሳት፣ ሱፍ፣ ቆዳ ካገኘ ዱቄት ሳያደርግ አይለቅም። ሙዚየም የሚሠራ ሰው ከሌባ ይልቅ እሷን ይፈራል። የሚገድላት ደግሞ ብርድ ነው።

ያን ሰሞን መብራት ጠፍቶ ሰነበተ። ፍሪዘሩ ቁም ሣጥን ሆነ። በዓሉ ደረሰ። ይዤ እመጣለሁ ብሎ ለንግሥ ባዶ እጅ መሄድ ደግሞ እዚያ አገር ነውር ነው፤ ሙስሊምም ክርስቲያንም አያደርገውም። ዘሊካ ሣጥኑን ገልብጣ በአጉሊ መነጽር አየችው፣ ምንም የለበትም። ንጹሕ ነው ብላ ጠቅልላ ይዛ ሄደች። እንግዲህ ስንቱን ተማሪ ስታስተምር «ዓይናችሁን አትመኑ፣ ብርዱን እመኑ» የምትል ሴት ናት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለሥራ ስትመለስ አባ ደስ ብሏቸው ጠበቋት። «ለጎብኚ ክፍል አይመጥንም አልሁና ዕቃ ቤት ሰቀልሁት» አሏት። «ከወንጌሉ መደርደሪያ በላይ። ጠዋት ስገባ እሱን ነው የማየው።» ዘሊካ እዚያ ቤት ገብታ አታውቅም፣ ልትገባም አትችልም፤ ግን ክብሩ ገባት። ዕድሜዋን ሙሉ ከመጸዳጃ ቤት አጠገብ የኖረ ሥራ፣ በመጨረሻ ሰው አክብሮ ከውድ ዕቃው ጋር አኖረው። ደስታው ልቧን ሞላውና ከቆዳ አርቁት የሚለው ቃል ሳይመጣላት ቀረ።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ፣ ለመስቀል ትልቁን የብራና ወንጌል አውጥተው ሲገልጡት ከጥራዙ ቡናማ ዱቄት ረገፈ። የሽፋኑ ቆዳ ከውስጥ ተቦርቡሯል፣ የቅጠሎቹ ጠርዝ ተበልቷል፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ፊደሉ ራሱ የለም። መነኮሳቱ አለቀሱ። «ጢንዚዛ የምታውቀዋ ትምጣ» ተባለና ዘሊካ ተጠራች።

መጽሐፉን ነጭ ጨርቅ ላይ አድርገው ደጀ ሰላም አወጡላት። ጎንበስ ብላ በመነጽሯ ጥራዙን አየች። ትሉ ሲያድግ ጥሎት የሄደው ቆዳ፣ ከነጠጉሩ፣ በየስፌቱ ተሰግስጓል። ከማንም በፊት ምን እንደሆነ አወቀች፤ ከየት እንደመጣም ወዲያው ጠረጠረች። መጽሐፉ ገና ሊድን እንደሚችል ለአበምኔቱ ለአባ ተክለ ጊዮርጊስ ነገረቻቸው። በላስቲክ ተጠቅልሎ ሙዚየም ይምጣ፣ ፍሪዘር ይግባ፣ ትሉ ያልቃል፣ የቀረው ይተርፋል። አበምኔቱ ፈቀዱ። ከየት መጣ ብሎ ግን በዚያ ሰዓት የጠየቃት ሰው የለም።

አባ ፍሬ ስብሐት ወደ ጀልባው ሲሸኟት ከዛፍ ሥር በጋቢ የተጠቀለለ ነገር አንሥተው ሰጧት። ሣጥኑ ነው። ሌሎቹ ወደ ዕቃ ቤት ሳይገቡ ቀድመው አውርደውት ኖሯል። ከመስታወቱ ሥር ስፒሎቹ እንደቆሙ ናቸው፣ ወረቀቶቹም አሉ። ጢንዚዛዎቹ ግን የሉም፤ ታች ላይ ጥቂት አረንጓዴ ስብርባሪና ዱቄት ብቻ።

«አባ፣ ከዚህ ነው የወጣው» አለች ዘሊካ። «እኔ ነኝ ያመጣሁት። ፍሪዘር ሳላስገባ ሰጠሁዎ።»

«እንደሱ ሳይሆን አይቀርም» አሉ አባ።

«ለማኅበሩ እናገራለሁ።»

«የለም፣ የለም። ስለ ሣጥኑ ለማንም አትናገሪ።» ክንዷን ያዙ፤ ነክተዋት አያውቁም ነበር። «ክረምቱ ከባድ ነበር፣ እርጥበት ነው ይላሉ። ቸልተኛ ነህ ብለው ቀኖና ይሰጡኛል፤ ጾሜ፣ ሰግጄ ያልፋል። አደራሽን ልጄ፣ በፈጠረሽ።»

ዘሊካ እሺም እንቢም ሳትል ጀልባው ላይ ወጣች። ቤቷ ስትደርስ ሣጥኑን ከነጋቢው ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠችው። ያን ሳምንት እህል አልበላላት አለ። አባ ለእሷ ሲሉ ጥፋቷን እንደተሸከሙላት አልተጠራጠረችም፤ ደግ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው ብላ አሰበች፣ ይበልጥ አፈረች።

መነኮሳት የሚያመላልሰው ሂሻም በሳምንቱ ወሬ ይዞ መጣ። እሑድ ማኅበሩ ይሰበሰባል። ከቀኖና በላይ ነው፣ ቁልፉን ይቀሟቸዋል የሚሉ አሉ። ዘሊካ ይህን ስትሰማ ነገሩ ቀለላት፤ ምን ማድረግ እንዳለባት ታወቃት። እውነቱን ትናገራለች፣ ደኑን ትከለከላለች፣ ጥናቷ ሳያልቅ ይቀራል፣ አባ ግን ቁልፋቸው አይነካም። ከባድ ነው፣ ግን ትክክል ነው። ከስፒሉ ሥር የተገኙትን የትል ቆዳዎችና ከወንጌሉ ያወጣቻቸውን በሁለት ብልቃጥ አድርጋ፣ ትንሿን ማይክሮስኮፕ ይዛ እሑድ ጠዋት ጀልባ ላይ ተሳፈረች።

«እቴ» አለ ሂሻም መሐል ሐይቅ ላይ ሲደርሱ፣ «ሰውየው አትናገሪ ብለውሻል።»

«ለእኔ አዝነው ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«ሌላ ምን ምክንያት አላቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ጠየቅሻቸው?»

አልጠየቀቻቸውም። ለአንድ ጢንዚዛ እግር ሦስት መጽሐፍ የምታገላብጥ ሴት፣ ይህን አንድ ጥያቄ አልጠየቀችም። ሂሻም ትከሻውን ነቀነቀና ዓይኑን ወደ ውኃው መለሰ፤ ከእሷ ጋር መከራከር እንደማያዋጣ ከልጅነቱ ያውቀዋል።

ማኅበሩ ደጀ ሰላሙ ውስጥ በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጧል። አባ ፍሬ ስብሐት ከበሩ አጠገብ መሬት ላይ ናቸው። ዘሊካ ስትገባ ቀና ብለው አይዋት፣ ማይክሮስኮፑን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። አየች። ይሉኝታ ነው አለች በልቧ፣ እስከ መጨረሻው ሊከላከሉልኝ ነው። አበምኔቱ እንግዳ ናትና ትቅደም ብለው ቃል ሰጧት።

ተናገረች። እንደ ልማዷ ከሥር ከመሠረቱ፣ ምንም ሳትዘል። ትሏ ምን እንደምትባል፣ ምን እንደምትበላ፣ ወንጌሉን የጎዳው እርጥበት ሳይሆን ትሏ መሆኗን ነገረቻቸው። ከሣጥኑ የተገኘውንና ከወንጌሉ የተገኘውን ጎን ለጎን አድርጋ በማይክሮስኮፑ አሳየቻቸው። መነኮሳቱ ተራ በተራ እየተነሡ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ። «አቤት ጠጉሩ» አለ አንዱ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አማተቡ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ዘሊካ። «የገበዙ አይደለም። ብትፈርዱ በእኔ ላይ ፍረዱ።»

ከዚያ የማኅሌቱ መሪ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር የሚያጠሩ ሰው ናቸው።

«እኅታችን፣ እውነት ስለተናገርሽ እናመሰግናለን። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ሣጥኑ ለጎብኚ ክፍል የተሰጠ ነበር። ትሉ ከዚያ እንዴት ወደ ዕቃ ቤት ተሻገረ?»

«በጎብኚ ክፍል አልነበረም» አለች ዘሊካ። «ዕቃ ቤት ነው የተሰቀለው። ከወንጌሉ መደርደሪያ በላይ።»

«በዓይንሽ አየሽ?»

«አላየሁም። አባ ናቸው የነገሩኝ።»

«በውስጡ ምን ነበረ?»

ቆጠረችላቸው። አረንጓዴዎቹን፣ ቀንዳሞቹን፣ የእበት ጢንዚዛዋን።

«እበት የምትገፋዋ?»

«አዎ።»

«በድኗ?»

«ደርቃ» አለች ዘሊካ፣ ቃሉን ልታርም ፈልጋ። «ሲደርቅ አይሸትም።»

የሳቀ የለም። መነኮሳቱ ዓይናቸውን ወደ በሩ አዞሩ። አባ ፍሬ ስብሐት አንገታቸውን ደፍተው የጋቢያቸውን ዘርፍ በጣታቸው ያፍተለትላሉ። ያኔ ነው ዘሊካ አንድ ነገር እንደተበላሸ የገባት። ምን እንደሆነ ገና አልገባትም።

«እኔን አክብረው ነው» አለች ፈጥና። «ለክፋት አይደለም። ሥራዬን አክብረው ነው እዚያ ያኖሩት።»

«እሱን ነው የምንለው» አሉ መሪጌታ በዝግታ። «ሰው ለማክበር ብለው ቅዱሱን አቃለሉ።»

የአበምኔቱ ድምፅ የታመመ ሰው ድምፅ ነበር። «ትናንት ከሽማግሌዎቹ ጋር ተመካክረን ነበር» አሉ። «ክረምቱ ነው፣ እርጅናም ነው፣ ቀኖና ይበቃቸዋል፣ ቁልፉ እጃቸው ይቆይ ብለን ተስማምተን ነበር። አሁን ግን በማኅበሩ ፊት ተነገረ። የእበት ጢንዚዛ በድን ከወንጌል በላይ የሰቀለ ሰው ዕቃ ቤት ይጠብቅ ብዬ እንዴት አድርጌ ልዘዝ?» ወደ ዘሊካ ዞሩ። «አንቺ ጥፋት የለብሽም። ስጦታ ሰጠሽ። የሚሰቀልበትን አልመረጥሽም። ደኑ እንደ ወትሮው ክፍት ነው፤ ስትፈልጊ ነይ።»

ዘሊካ የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር፣ አንድም ቃል የምትመልሰው የለም፣ ያ ነው ያቃጠላት።

አባ ፍሬ ስብሐት ቁልፉን በራሳቸው በኩል አወጡ። ገመዱ ቆባቸውን ያዘውና አብሮ ሊወልቅ ሲል አንዱ ወጣት መነኩሴ ተነሥቶ ረዳቸው። ቁልፉን በሁለት እጃቸው አበምኔቱ እግር ሥር አኖሩ፣ መሬት ሳሙ፣ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ጠቅላላው ከዚህ አይበልጥም። ስብሰባው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ፣ ስለ ጀልባ ማሰሪያው መጠገን።

አባ እንደ ልማዳቸው ወደ ጀልባው ሸኟት። መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ማይክሮስኮፑን ካልያዝሁልሽ ብለው ተቀብለዋት እሳቸው ነበሩ የያዙት። ዘሊካ እንባዋን መያዝ አቃታት፣ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ትራመዳለች። የገበዝነት ዘመናቸው ከጠዋት እስከ ቀትር ባለው ጊዜ አልቆ፣ አሁን እንደማንኛውም ሽማግሌ መነኩሴ እግራቸውን ጠንቀቅ እያደረጉ ይወርዳሉ።

ከውኃው ዳር ሲደርሱ ቆመች። «አባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «ላድንዎ ነበር የመጣሁት።»

«አውቃለሁ።»

«አትናገሪ ሲሉኝ ለእኔ አዝነው መስሎኝ ነው። ደኑን እንዳላጣ ብለው።»

አባ ፍሬ ስብሐት ማይክሮስኮፑን ለሂሻም አቀበሉት። ከዚያ እጃቸው ባዶውን ወደ አንገታቸው ሄደ፣ ምንም አላገኘም፣ ወረደ።

«ለአንቺ ብዬ አልነበረም ልጄ» አሉ። «ለራሴ ነበር የለመንሁሽ።»